ያልጠየቀችው ወለድ

ታይሚ ኩሴላንና እኔን አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያስተማሩን። አያቶቻችን ከፊንላንድ ተነሥተው በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ባለችው በዚህች ደሴት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። እዚህ አንድ ሰው ወይ ዓሣ ያጠምዳል፣ ወይ ዓሣ አጥማጅ አግብቷል፣ ወይ ደግሞ እንደ እኔ በኅብረት ሱቁ ቆሞ ለዓሣ አጥማጅ ጓንትና ዱቄት ይሸጣል። ታይሚ ከእነዚህ ሁለቱን ነበረች። አርቮን ባገባች በሳምንቱ ጀልባው ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ሁለት ልጆች አሳድጌ እስክድር ድረስ አልወረደችም ማለት ይቻላል።

ምግብ ታበስላለች፣ መረብ ትስባለች፣ የተቀደደ ትሰፋለች። ማታ ማታ ደግሞ በሬዲዮ መገናኛው የት እንዳሉና ምን ያህል እንደያዙ ለሌሎቹ ጀልባዎች የምታሳውቀው እሷ ነበረች። አርቮ ሲሰክር መሪውን ትይዛለች። ጀልባው «የሰሜን ኮከብ» ይባላል፤ በወረቀት የአርቮ ብቻ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ሰዎች ባሉበት ስለ ደመወዝ ብታነሣ፣ አርቮ ሳቀና «ባልና ሚስት ደመወዝ ይከፋፈላሉ እንዴ? ታዲያ እኔን ማን ይክፈለኝ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ጨዋታ አዋቂ ነበር። የማንም ሰው ሞተር ሲበላሽ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሠርግ ላይ መጨረሻ የሚወጣ ሰው ነው።

በማግሥቱ የሆነውን ግን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ብቻዋን ይዟት ወጣ። ጥቁሮቹ ቋጥኞች አጠገብ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሲጋራ ለኮሰ። በዚያ ቦታ የባሕሩ ፍሰት ኃይለኛ ነው፤ ጀልባውን ወደ ድንጋዩ ይስበዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

ዝም።

«አርቮ፣ ሞተሩን አስነሣ እንጂ!»

ዝም። ወደ እሷ እንኳ አላየም። ውኃው ከድንጋዩ ጋር ሲላተም የሚሰማው ድምፅ እየቀረበ መጣ። አለቀሰች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሁለተኛ በሰው ፊት ስለ ገንዘብ እንደማታነሣ ማለች። ያኔ ሞተሩን አስነሥቶ እያፏጨ ወደ ቤት መለሳት። ከዚያ በኋላ በሆነ ነገር ባስቀየመችው ቁጥር ይህንኑ ያደርግባት ነበር።

«አንድም ቀን አልመታኝም» አለችኝ የነገረችኝ ቀን። «ቢመታኝ ኖሮ ምን ብዬ እንደምናገር አውቅ ነበር።»

ትዳሩ ያበቃው በእጇ ምክንያት ነው። መረቡን እየዞረ የሚጠቀልለው እንደ ከበሮ ያለ ማሽን ቀኝ እጇን ይዞ ሦስት ጣቶቿን ወሰደ። ከሆስፒታል ስትመለስ ጀልባው ላይ ሌላ ሠራተኛ ተቀጥሯል። አርቮ ቤት ሲገባ እንደሌለች ሁሉ አልፏት ሄደ። የማይሠራ ዕቃ አድርጎ ነው ያያት። በዓመቱ ተፋቱ። ዳኛው፣ ዕድሜዋን በሙሉ በእሱ ጀልባ ላይ ጨርሳ አሁን በዚያ እጅ ሥራ ማግኘት እንደማትችል አይቶ፣ አርቮ በየወሩ ቀለብ እንዲከፍላት ወሰነ። ጠበቃዋም ውሳኔውን ቀለብ በሚያስፈጽመው የመንግሥት ቢሮ አስመዘገበላት። ታይሚ ያን ቀን ብዙ ወረቀት ፈርማለች፤ አንዱንም አላነበበችም። ከችሎቱ ቶሎ መውጣት ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ከእኔ ቤት በታች፣ ወደቡ ዳር፣ ድሮ መረብ ይቀመጥበት ከነበረው ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየች። አርቮ ሁለት ዓመት ያህል እያጉረመረመም ቢሆን ከፈለ። ከዚያ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከባሕሩ የጠፋበት ዘመን መጣና አቆመ። እሷም አልጠየቀችም።

«ደውይለት እንጂ» አልኳት። «ወይ ለቢሮው ንገሪ።»

«ተይው ኢርማ። ዝም ካልኩት ይረሳኛል።»

«የምትበዪውስ?»

«ዓሣ አጨሳለሁ፣ ለጎብኚ እሸጣለሁ። እሱ ይርሳኝ ብቻ።»

ያልገባት ነገር፣ እሷ ዝም ብትልም ቢሮው ዝም አለማለቱ ነው። ባልተከፈለ በእያንዳንዱ ወር ውዝፉ ይመዘገባል፤ በውዝፉ ላይ ደግሞ ወለድ ይታሰባል። ማንም ሰው እንዲያስብላት አልጠየቀችም፤ ሕጉ ራሱ ነው የሚያስበው። ደብዳቤው የሚሄደው ለአርቮ ነው። አርቮ ደግሞ ደብዳቤ አይከፍትም ነበር። ይህ እንዲህ ሆኖ ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ታይሚ ዱቄትና ሄል ልትገዛ መጥታ ለሰንበት ስለምትጋግረው ዳቦ እያወራን ሳለ፣ አርቮ በሩን በርግዶ ገባ። በእጁ የተከፈተ ፖስታ ይዟል። ደብዳቤ እንደማይመልስ ሲያውቁ ሰው ልከው በእጁ ሰጥተውታል። ጀልባው በዕዳው መያዣነት እንደተመዘገበና ካልከፈለ እንደሚሸጥ ይላል።

«ወለድ!» አለ። «ወለድ ጨምራብኛለች! ሰምታችኋል? ሚስቴ የነበረችው ሴት አራጣ አበዳሪ ሆናለች!»

ታይሚ ዱቄቱን እንዳቀፈች ደረቀች።

«አርቮ፣ እኔ ምንም...»

«ዋናውን እሺ። ዳኛ ፈረደ፣ እሺ። ወለዱን ግን ከየት አመጣሽው? ቁጭ ብለሽ ስታሰይው ኖርሽ? በየወሩ? እኔ ባሕር ላይ ስንከራተት አንቺ ፎቅሽ ላይ ሆነሽ ትቆጥሪልኝ ነበር?»

«ኧረ እኔ አላውቅም፤ በእናቴ እምላለሁ፣ አላውቅም።»

ሱቁ ውስጥ ሽማግሌው ኦላቪ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠብ ሲነሣ እንኳ የሚገላግል ሰው ነው። «አርቮ፣ ወንድሜ፣ ረጋ በል» አለው። አርቮም ወዲያው ረጋ አለ። ፖስታውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ታይሚን ለረዥም ጊዜ አየና አንድም ቃል ሳይናገር ወጣ። ዘወር ስል ታይሚ ዱቄቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ባንኮኒውን ይዛ ቆማለች።

«ሲጮህ አልፈራም» አለችኝ። «ዝም ሲል ነው።»

ከማግሥቱ ጀምሮ የአርቮ ፒካፕ በሯ ላይ ይቆም ጀመር። ጠዋት ይመጣል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ መስኮቷ ሥር ይቆማል። አይወርድም፣ አይጣራም፣ ጥሩንባ አይነፋም። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሲጋራውን ያጨሳል። ሲያሰኘው አንድ ሰዓት፣ ሲያሰኘው ግማሽ ቀን። ከዚያ ይሄዳል።

ታይሚ መጋረጃ መግለጥ ተወች። ዓሣ ማጨሻዋ ግቢው ውስጥ ስለሆነ ማጨሱንም ተወች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት በእንፋሎት መታጠቢያው፣ በሳውናው፣ እንታጠብ ነበር፤ እሱም ቀረ። ስጠራት በሩን የምትከፍተው ሰንሰለቱን ሳታወርድ ነው። ከስታ ከስታ ቀሚሷ የሌላ ሰው መሰለ። ሬዲዮ ስትሰማ እንኳ ድምፁን ቀንሳ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ነበር፤ የመኪናው ድምፅ እንዳያመልጣት።

በደሴታችን ፖሊስ ጣቢያ የለም። ከወዲያ ማዶ ከተማ በመርከብ አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ፤ ጥሩ ልጅ ነው። ከአርቮ ጋር መንገድ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። በሱቁ መስኮት እያየሁ ነበር። አርቮ ሳቀ፣ ፖሊሱም ፈገግ አለ።

«መንገድ ዳር ቆሜ ባሕር ማየት ክልክል ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለን ፖሊሱ። «ክልክል አይደለም። አልነካዎትም፣ አልዛተብዎትም። ምን ብዬ ልክሰሰው?»

«ሲገድለኝ ትመጣላችሁ ማለት ነው» አለች ታይሚ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሱቁ ጓዳ ገብታ በስልካችን ወደ ቢሮው ደወለች። ፋይሏን የያዘችው ወይዘሮ ዲሎን የምትባል ሴት ናት። ጆሮዬን ከታይሚ ጆሮ ጋር አስጠግቼ እሰማ ነበር።

«ወለዱን አልፈልግም። አጥፉልኝ» አለች ታይሚ።

«ለምንድን ነው የማይፈልጉት?»

«አልፈልግማ! አልጠየቅኳችሁም። ማን ጨምሩ አላችሁ?»

«እርስዎ አይደሉም የጨመሩት፣ እኔም አይደለሁም» አለች ሴትዮዋ በዝግታ። «ቀለብ ሲዘገይ ወለድ ይታሰብበታል፤ ሕጉ ነው። እርስዎ ሊኖሩበት የሚገባው ገንዘብ በእሳቸው እጅ ስለቆየ ነው።»

«እንዲህ ብላችሁ ለእሱ ንገሩልኝ እንጂ!»

«ጽፈንላቸዋል፤ ደጋግመን።»

«ደብዳቤ አይከፍትም እኮ እሱ።»

«ወለዱን መተው መብትዎ ነው። ቅጽ እልክልዎታለሁ። ግን የሚፈርሙት በራስዎ ፈቃድ መሆን አለበት። ያስፈራራዎት ሰው አለ?»

ታይሚ ቀና ብላ የጓዳዋን ትንሽ መስኮት አየች። ፒካፑ ከዚያ አይታይም። ቢሆንም አየች።

«የለም» አለች። «ቅጹን ላኩልኝ።»

ቅጹ በመጣ በማግሥቱ አርቮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ወርዶ ደረጃዋን ወጣ። እንዴት እንዳወቀ አትጠይቁኝ፤ በዚህች ደሴት ሰው ሲያስነጥስ ማዶ ያለው ይማርህ ይላል። በሰንሰለቱ ክፍተት አናገራት። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ነገ ጠዋት ጀልባው ላይ አምጪው። እዚያው ትፈርሚያለሽ፣ እኔም ዋናውን ገንዘብ በእጅሽ እሰጥሻለሁ። ከዚያ በኋላ አታይኝም። ደክሞኛል ታይሚ። አንቺስ አልደከመሽም?»

ይህን ነግራኝ ስታበቃ ጮኽኩባት።

«እግርሽን እንዳታነሺ! ገንዘብ ካለው ለምን ለቢሮው አይከፍልም?»

«ካልሄድኩ ነገም ይቆማል፤ ከነገ ወዲያም። እስከ መቼ ነው በጨለማ ቤት የምቀመጠው? ጀልባው የታሰረ ነው፣ ቀን ነው፣ ወደቡ ላይ ሰው አለ።»

«እኔም እመጣለሁ ታዲያ።»

«አንቺን ካየ ይናደዳል። ተይኝ ኢርማ፤ ፈርሜ ልገላገል።»

በማግሥቱ ጉም ወርዶ ነበር። ከሱቁ በር ወደቡ አይታይም። ጀልባው ላይ የሆነውን እንግዲህ እሷ በኋላ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ።

አርቮ በትሕትና ተቀበላት። ዝናብ ቢጤ ነበርና «ግቢ፣ ጠረጴዛው ውስጥ ነው» አላት። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ነው፤ ክፍሉ እንዲሞቅ ነው አለ። ሻይ ቀዳላት። እስክሪብቶ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ገንዘቡስ?» አለችው።

«ልክ ነሽ። ላምጣልሽ።» ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ የእርጥብ ገመድ ድምፅ ሰማች፤ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላ፣ ጧ ብሎ ሲወድቅ። ያን ድምፅ እንቅልፍ ውስጥ ሆና እንኳ ታውቀዋለች። በሩን ከፍታ ስትሮጥ በጀልባውና በወደቡ መካከል ያለው ውኃ ሰፍቷል። ዘልላ የምትሻገረው ዓይነት አልነበረም። ጮኸች። ጉሙ ድምፁን ዋጠው፤ ከወደቡ ላይም ማንም አልመለሰላትም።

አርቮ መሪውን ይዞ አንድ ቃል አልተናገረም። ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም። ጥቁሮቹ ቋጥኞች ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ፤ ተቀመጠ፤ ሲጋራ ለኮሰ።

«ይቅርታ» አለችው ወዲያው። ሳታስበው ነው ያለችው፤ አፏ ራሱ የተማረው ነው። «ይቅርታ አርቮ፣ ይቅርታ፣ እፈርማለሁ።»

እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። በግራ እጇ ነው አሁን የምትጽፈው። ያዘችው፤ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። እጇ ግን አልታዘዝ አለ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ፊደል አይሠራም። በቀኟ ክንድ ግራዋን ደግፋ ሞከረች። እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀና ተንከባለለ። አነሣችው፤ ደግሞ ወደቀ። ፍርሃቱ ከመብዛቱ የተነሣ እሺ ማለት እንኳ አቃታት።

«ታላግጪብኛለሽ?» አለ አርቮ።

«እጄ ነው። እየው፣ እጄ እኮ ነው!»

ተነሣና ቋጥኞቹ ምን ያህል እንደቀረቡ ለማየት ወደ ውጭ ወጣ። ጀርባውን ሰጣት። የሬዲዮ መገናኛው ከመሪው በላይ ተሰቅሏል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ማታ ማታ ያነጋገረችበት ነው። ተንጠራርታ በተረፏት ሁለት ጣቶች ቁልፉን ተጫነች።

ሱቅ ውስጥ ለኦላቪ ምስማር እየመዘንኩ ነበር። እዚህ በየሱቁና በየኩሽናው የጀልባዎቹ ሬዲዮ ክፍት ነው፤ ባሎቻችንንና ልጆቻችንን የምንሰማበት ነው። ስለ ጉሙ ይወራ ነበር። በመካከል የሷ ድምፅ ገባ፤ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ።

«የሰሜን ኮከብ ነው። የሰሜን ኮከብ ነው። ታይሚ ነኝ። ጥቁሮቹ ቋጥኞች ጋ ነን። ሞተሩ ጠፍቷል። አርቮ ነው ያጠፋው፣ አውቆ ነው። ወለዱን ካልተውሽ ብሎ ነው።»

ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ ቀጠለች፦

«ፈርቻለሁ። እባካችሁ ስሙኝ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። ድሮም እንዲህ ያደርገኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ተናገርኩ።»

የአርቮ ድምፅ «ዝጊው! ዝጊው አልኩሽ!» ሲል ተሰማና ቀጥ አለ።

ያን ሰዓት በደሴቷ ላይ ያለ ኩሽና ሁሉ ሰምቷታል። ኦላቪ ምስማሩን ጥሎ ወደ ወደቡ ሲሮጥ አየሁ፤ በዚያ ዕድሜው። ከሬዲዮው ካሌርቮ የሚባለው ጎረቤታችን «የሰሜን ኮከብ፣ ሰማንሽ ታይሚ። እየመጣሁ ነው» አለ። ሌላ ድምፅ «እኔም» አለ። ሌላም። ከማዶ የባሕር ጠባቂዎቹ መልስ ሰጡ። ግን በዚያ ጉም ማንም መፍጠን አይችልም። ሬዲዮው ላይ እጄን ጭኜ ቆምኩ። «ታይሚ፣ ትሰሚያለሽ?» ይላል ካሌርቮ በየጊዜው። መልስ የለም።

ጀልባው ላይ አርቮ መናገሪያውን ከእጇ ነጥቆ ገመዱን በጠሰው። ከዚያ ወደ መሪው ሄዶ ሞተሩን ሊያስነሣ ሞከረ። ሞተሩ አጓራና ቀረ። ደግሞ ሞከረ፤ ሳለና ቀረ። በገንዘብ እጦት ዓመቱን ሙሉ ያላስጠገነው ሞተር ነው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

«አልነሣ አለ» አላት፤ መፍትሔ ያላት ይመስል።

ጀልባው በጎኑ ድንጋዩን መታ። ሻዩ ቅጹ ላይ ተደፋ። ታይሚ «መልህቁን ጣል!» ብላ ጮኸች፤ እሱ ግን ቁልፉን እያዞረ እዚያው ቀረ። በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ፊት ወጣች። የመልህቁ ማቆሚያ ጠንካራ ነው፤ በደህና እጅም ያስቸግራል። በክንዷም በትከሻዋም ገፋችው። ሰንሰለቱ እየተንኳኳ ወረደ፣ መልህቁ መሬት ያዘ፣ ጀልባው ተወጠረ። ኋላው አሁንም ድንጋዩን እየነካ ነው፤ እያንዳንዱ ሲነካ እንጨቱ ይጮኻል።

ተመልሳ ገባች፤ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ሌላ የሚያደርጉት አልነበረም።

«ደብዳቤዎቹን አልከፈትኳቸውም» አለ አርቮ። «በመጣ ቁጥር ሆዴን ያመኝ ነበር። ባልከፍተው የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ጀልባውን ሊወስዱብኝ ነው ታይሚ። ያለ ጀልባ እኔ ምን ነኝ?»

«ምን አልሽው?» ብዬ ጠየቅኳት ይህን ስትነግረኝ።

«ምንም። አዘንኩለት እንዳልልሽ አላዘንኩለትም። ጨከንኩ እንዳልልሽ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር። ድንጋዩን ነው የማዳምጠው። በየት በኩል እንደሚገባ።»

የካሌርቮ ጀልባ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ አላመነችም። ገመድ ወርውረው ጎተቷቸው። ወደቡ ላይ የደሴቷ ሰው ሁሉ ቆሟል። መጀመሪያ የወረደው አርቮ ነው። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም ሰላም አላለውም፤ መንገድ ለቀውለት በመካከላቸው አለፈ። ታይሚ ስትወርድ ኦላቪና እኔ ደግፈን ቤቴ አስገባናት። ያን ቀን ወጣቱ ፖሊስ በፈጣን ጀልባ መጣ፤ ፈገግ አላለም።

ፍርድ ቤቱ አርቮን አላሰረውም፤ በገደብ ለቀቀው፤ ወደ ቤቷም ወደ እሷም እንዳይቀርብ አዘዘው። ሰው በዚህ ብዙ ተናገረ፤ አንሷል ያለ አለ፣ በቂው ነው ያለም አለ። ጀልባው ተጠግኖ ተሸጠ።

ከሽያጩ በፊት ወይዘሮ ዲሎን ደወለች። አሁንም በሱቁ ጓዳ፣ አሁንም ጆሮ ለጆሮ ነን።

«የወለዱን ነገር መጠየቅ ስላለብኝ ነው» አለች። «ቅጹ አልተመለሰልኝም። ይተዋሉ?»

ታይሚ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አልተውም» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እየፈራሁ ነው የምነግርዎ። እንደዚያ ብለው ይጻፉት። ፈርታለች፣ ግን አልተወችም ብለው ይጻፉ።»

ውዝፉም ወለዱም ተከፈላት። ውዝፉ ቤቷን አሞቀ፣ ክረምቱን አሳለፈ። ወለዱን ይዛ የጥርስ ሐኪም ጋ ሄደች፤ በአርቮ ጀልባ ላይ ስትኖር ሐኪም ሳታይ የተበላሸባትን ሁሉ ማሠራት ጀመረች። «ወለዱን እያኘክሁበት ነው» ብላ አሳቀችኝ።

ፍርሃቱ ሄደ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አልሄደም። መኪና ቤቷ አጠገብ ሲዘገይ ወሬዋን ታቋርጣለች። በሯ ላይ ሰንሰለቱ አሁንም አለ። መጋረጃውን ግን ትገልጣለች፤ ዓሣውንም ታጨሳለች። አርቮ ማዶ ባለ የዓሣ እርባታ ተቀጥሯል፤ ቀለቡ ከደመወዙ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። ወር ሲደርስ ይመጣላታል።

ባለፈው መኸር ለጥርሷ ቀጠሮ ወደ ከተማ ስንሻገር መርከቧ ላይ አየነው። ዕረፍት ላይ መጥቶ ሲመለስ ነው መሰለኝ። እኛን ሲያይ ተነሥቶ ወደ ኋለኛው ጫፍ ሄደና ብቻውን ቆመ። ሌላ መርከብ የለም፤ ሁላችንም በዚያችው ነው የምንሻገረው። የታይሚ ፊት ገረጣ።

«እንውረድ?» አልኳት። መውጫው ገና አልተዘጋም ነበር። «በሌላ ቀን እንሄዳለን፣ እኔ እደውልልሻለሁ ለሐኪሙ።»

«ቆይ» አለች። ትንሽ አሰበች። «አይ፣ ቁጭ እንበል።»

እጅጌዬን ይዛ ተቀመጠች። «ወደ እኛ እያየ ነው?» ትለኛለች።

«ባሕሩን ነው የሚያየው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ማዶ እስክንደርስ እጅጌዬን አልለቀቀችም። መሬት ስንረግጥ በረዥሙ ተነፈሰችና ጨርቁን ለማስተካከል በመዳፏ ዳሰሰችልኝ።

«የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቀጠሮ አለኝ» አለች። «ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኳት።